ደምሴ የላከልኝ ሲጋራ

ያ ኮረብታ በካርታው ላይ ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ብቻ ነበረው። እኛ ራሰ በራ እንለው ነበር። ከወገቡ በታች ቁጥቋጦ ለብሷል፤ ከወገቡ በላይ ግን ጥንቸል የምትደበቅበት እሾህ እንኳ የለም። ትዕዛዙ የደረሰን ከሰዓት በኋላ፣ ምሳ እየበላን ሳለ ነው። የመቶ መሪያችን ከሻለቃው ስብሰባ ተመልሶ መጣና ከመካከላችን ቁጭ ብሎ አንድ ጉርሻ ጎረሰ። ከዚያ «ነገ ጎህ ሳይቀድ እንወጣዋለን» አለ። የቱን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ኪሮስ እባላለሁ። ከሠራዊቱ የወጣሁት ሃምሳ አለቃ ሆኜ ነው፤ ያ መውጣት ከተባለ። ቤቴ መቐለ፣ ዓዲ ሓቂ ነው። አፌን የፈታሁት በትግርኛ ሲሆን አማርኛ በትምህርት ቤት ጀምሬ በምሽግ ውስጥ ጨረስኩት። ልጆቼ ይህን በአማርኛ ስጽፍ አይተው «አባ፣ ለማን ነው?» አሉኝ። ከምተርክላቸው ሙታን ግማሾቹ እናታቸውን የጠሩት በአማርኛ ነው። ይነበብ እንደሆነ የእነሱም ልጆች ያንብቡት ብዬ ነው።

ጊዜው የድንበሩ ጦርነት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የመትረየስ ተኳሽ ነኝ። ረዳቴ፣ ጥይት ተሸክሞ ሰንሰለቱን የሚያቀብለኝ፣ ደምሴ የሚባል የመንዝ ልጅ ነው። ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ደምሴ ያጨሳል። እኔ አላጨስም። እናቴ ትምባሆ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ብላ ነው ያሳደገችኝ፤ በእኛ ሰፈር የሚያጨስ ሰው ቤተ ክርስቲያን ቢመጣ እንኳ ከአጥሩ ውጭ ነበር የሚቆመው። ደምሴ ሲለኩስ ነፋሱ ወደኔ እንዳይመጣ ዞሮ ይቀመጣል። «ለእናትህ ስል ነው» ይለኛል።

ሌሊቱ ሳይነጋ ተነሣን። መድፋችን ቀድሞ መታ፤ ከዚያ ዝም አለ። በቁጥቋጦው ውስጥ እየተሳብን ወጣን። ማንም አልተኮሰብንም። ቁጥቋጦው አለቀ። ያን ጊዜ ጀመሩን።

የመቶ መሪያችን በመጀመሪያው ተኩስ ወደቀ። ከግራችን የነበረው ጓድ በሞርታር ተመታ፤ ጭሱ ሲገፈፍ ቆሞ የሚታይ ሰው አልነበረም። እኔና ደምሴ አንዲት ድንጋይ አገኘን፤ ለሁለት ሰው አትበቃም። እሱ እግሩን ውጭ አድርጎ ተኛ። ተኮስን። ብረቱ ጋለ። ፀሐይ ወጣች። ከላይ ያሉት እኛን ያዩናል፤ እኛ አናያቸውም። ረፋድ ላይ ከቀኝ በኩል የገባው የሌላ ሻምበል ጦር ምሽጋቸውን ከጀርባ ቆረጠው፤ ያን ጊዜ ተነሥተን ሮጥን። ጫፉ ላይ ስደርስ ጭኔን የመታኝ አልተሰማኝም፤ ተንበርክኬ ራሴን ሳገኘው ነው ያወቅኩት።

ደምሴ አዝሎ አወረደኝ። ቃሬዛ አልነበረም፤ የቃሬዛው ልጆች ሞተዋል። ከኮረብታው ግርጌ አስቀምጦኝ ሲጋራ አቀጣጠለና ወደኔ ዘረጋት።

«አንዴ ብቻ ሳብ፤ ሕመሙን ይወስድልሃል።»

«ተወኝ።»

«ወታደር አይደለህም እንዴ?»

«ዲያቆን አባት አለኝ።»

አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ያን ቀን ከመቶአችን በእግራቸው የወረዱት አሥራ አንድ ናቸው። ያልወረዱትን በማግስቱ ቀበርናቸው። መሬቱ ድንጋይ ስለሆነ አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው የተቆፈረው። ከጅማ የመጣው፣ ከሆሳዕና የመጣው፣ ከሽሬ የመጣው፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣው ጎን ለጎን ተኙ። አንድ ካህን ወታደር ነበረ፤ እሱ ፈታቸው፤ ሙስሊሞቹን ደግሞ አንድ የወሎ ልጅ ሰገደባቸው። ማን የማን ወገን ነው ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። ለመጠየቅም ጉልበት አልነበረንም።

ከዚያ በኋላ እኔና ደምሴ ሃያ ዓመት ገደማ በአንድ ክፍል አገለገልን። አገባን፤ ወለድን። የልጁ ክርስትና ላይ ተገኝቻለሁ። ጭኔ ውስጥ ብረት ስለቀረ እኔን ወደ ስልጠና አዛወሩኝ፤ ለአዲስ ምልምሎች መትረየስ መፍታትና መግጠም አስተምር ነበር። ደምሴ የዚያው ማሠልጠኛ የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነ።

ነገሩ በአንድ ቀን አልመጣም። በመጀመሪያ ቀልድ ነበር። አገሩ ተለውጧል፤ በቴሌቪዥን የሚነገረው ተለውጧል፤ በመመገቢያ አዳራሹ ውስጥም የሚቀለደው ተለወጠ። «እናንተ እኮ ሃያ ሰባት ዓመት በላችሁ» ይለኛል አንዱ፣ የወጡን ጭልፋ ይዞ። «በልቼ ቢሆንማ ይህን የተቀደደ ጫማ ባላደረግኩ» እለዋለሁ፤ እንሥቃለን። ከዚያ ሣቁ ቀረ። ትሪዬን ይዤ ስቀመጥ ወሬ ይቋረጣል። አንድ ቀን ከጎኔ የነበረው ልጅ ምግቡን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። አልሰደበኝም፤ ምንም አላለኝም። ትሪውን ብቻ አነሣ። በራሰ በራ ላይ ስንት ሞርታር ወድቆብኛል፤ እንደዚያች ትሪ ድምፅ ውስጤ የቀረ ግን የለም። ደምሴ አይቶ ነበር፤ ሳህኑን ይዞ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ስለ በግ ዋጋ አወራኝ።

ጦርነቱ በሰሜን መጀመሩ በተሰማ ማግስት፣ ከቁርስ በፊት፣ ሁላችንም ሜዳ ላይ ተሰለፍን። አንድ ወጣት መቶ አለቃ ስም ጠራ። የተጠራነው ወደ ግራ ወጣን። ሁለተኛውን ስም ስሰማ ገባኝ፤ ሦስተኛው ሐጎስ ነበር፣ አራተኛው ግደይ። ትግሬ የሆንን በሙሉ ከሰልፉ ተለይተን ቆምን። በሌላ በኩል የቆሙት መሬት መሬት ያያሉ።

«ትጥቅ አስረክቡ» ተባለ።

የንብረት ክፍሉ ሰዎች ሊረከቡን መጡ። ከፊታቸው ደምሴ ነበር። በተርታው ሳይሄድ ቀጥ ብሎ ወደኔ መጣና እጁን ዘረጋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ስጠኝ፣ ኪሮስ። ሌላ ሰው ከሚረከብህ እኔ ልረከብህ» አለኝ።

ክላሹን ሰጠሁት። ካዝናውን አወጣ፤ ማጉረሻው ውስጥ ጥይት አለመኖሩን አየ፤ ሁሉንም እንደ ደንቡ አደረገ። እጁ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀበቶዬን ሲቀበለኝ ዐይኔን አላየም። እኔም ያኔ እንዲያየኝ አልፈለግኩም።

የወሰዱን ወደ ቆላ ነው፤ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ፣ ቆርቆሮ ግድግዳ ያለው ግቢ። ቦታውን መጥራት አልፈልግም፤ እዚያ ጥሩ ሰዎችም ይኖራሉ። ቀን ቀን ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል። ሥራ አልነበረም፤ ምርመራ ይባላል እንጂ የተመረመረ ጥቂት ነው። መቐለ ያለው ቤተሰባችን ይኑር ይሙት አናውቅም፤ ስልክ ተቋርጧል። ማለዳና ከሰዓት እንቆጠራለን። በዚያ ግቢ ውስጥ «እኛ» ማለት አዲስ ትርጉም አገኘ። ቀድሞ እኛ ስል ሻምበሌን ማለቴ ነበር። እዚያ ግን የመረጥነው አልነበረም፤ ሌሎች አሰባስበው የሰጡን ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ጥበቃ ጠራኝና በአጥሩ ሽቦ መካከል የታጠፈ ፌስታል ወረወረልኝ። ውስጡ ሳሙና፣ አንድ ካልሲና አንድ ፓኬት ሲጋራ ነበር። «ከማን ነው?» አልኩት። «ረጅም ሰውዬ ነው፤ በመኪና አልፎ ሄደ» አለኝ። ደምሴ መሆኑን ያኔውኑ ዐወቅኩ። የማላጨስ መሆኔን እያወቀ ነው የላከው። እስር ቤት ውስጥ ሲጋራ ገንዘብ መሆኑን ዐውቆ ይሆናል፤ ወይ ሌላ የሚልከው አልነበረውም። ፓኬቱን ለግደይ ሰጠሁት።

ግደይ የተምቤን ሰው ነው፤ አሥር አለቃ፣ በሙያው የሕክምና ረዳት። ከእኔ ቀጥሎ ይተኛል። ደረቱ ደካማ ነበር፤ አቧራ ሲነሣ ትንፋሹ ያፏጫል። እሱም ከመታሰሩ በፊት አጭሶ አያውቅም። አሁን ግን ከሁላችን ይብሳል።

«አንተ የሕክምና ሰው አይደለህም?» አልኩት።

«ነኝ።»

«ታዲያ?»

«ክቡር ኪሮስ» አለኝ፤ ሲያሾፍ እንዲህ ነው የሚጠራኝ፤ «ይህችን ስስብ በራሴ ፈቃድ የማደርገው ነገር ይኖረኛል። ስነሣ በእነሱ ፈቃድ ነው፤ ስሸና በእነሱ ፈቃድ ነው። ይህችን ግን ማንም አጭስ አላለኝም።»

ሌላ ቀን ዝናብ ጥሎ ነበር። ቆጠራ ላይ ጭኔ አላዘዝ አለኝና ከሰልፉ ትንሽ ዘግይቼ ደረስኩ። ቆጣሪው ወጣት ጥበቃ ዞር አለ። ዐወቅኩት። ከአንድ ዓመት በፊት መትረየስ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ጣቱን ብረቱ ቆርጦት በራሴ መሐረብ ያሰርኩለት ልጅ ነው። እሱም ዐውቆኛል። በዙሪያው ጓደኞቹ ስላሉ ይሁን፣ ወይ እውነት ጠልቶኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አንተ ጁንታ፣ ቁጢጥ በል!» አለኝ።

እግሬን አሳየሁት። «ብረት አለበት፣ አይታጠፍም።»

«ቁጢጥ በል አልኩህ!»

በጭቃው ላይ ቁጢጥ አልኩ። ሕመሙን ተዉት። ቆጠራው እስኪያልቅ በዚያው ሆንኩ፤ ሁሉም ያየኛል፤ ሁሉም እንዳላየ ይሆናል። ስነሣ ግደይ ደግፎ ወሰደኝ። ምንጣፌ ላይ ተቀምጬ እጄን አየሁት፤ እንደ ደምሴ እጅ ይንቀጠቀጣል። ከንዴትም ከኀፍረትም ነው። ልመታው የምፈልገው ሰው አለ፤ ልመታው አልችልም። ልናገረው የምፈልገው አለ፤ የሚሰማኝ የለም።

«አምጣ» አልኩት ግደይን።

ከደምሴ ፓኬት የተረፈች አንዲት ፍሬ ነበረችው። ለኮሰልኝ። አሳለኝ፤ ዐይኔ አለቀሰ። በሦስተኛው እጄ መንቀጥቀጡን አቆመ። ስለ እናቴ ዐሰብኩ፤ ዐስቤም ሳብኩ። አርባ ዓመት አልፎኝ ነው እንግዲህ የጀመርኩት። በጦር ሜዳ ስንቱ ሲሞት ያልነካኋትን በቁጢጥታ ነካኋት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ። በሰደቡን ቀን እናጨሳለን። ባልሰደቡን ቀን እስኪሰድቡን እየጠበቅን እናጨሳለን። ዳቦ ሰጥተን ሲጋራ እንገዛ ነበር። ሲጋራው ሲጠፋ የሻይ ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልለን አጨስን። ከመካከላችን ከመታሰራችን በፊት ያጨሱ የነበሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ወደ መጨረሻው የማያጨሰው ነው በጣት የሚቆጠረው። ሁለት ቀሳውስት ወታደሮች ነበሩ፤ አንዱ ማጨስ ጀመረ። ጓደኛው አልወቀሰውም።

ግደይ ዳቦውን ሁሉ ለሲጋራ ሰጥቶ ጨረሰው። በክረምቱ ትንፋሹ አልወጣ አለ። ወደ ሐኪም ውሰዱት ብለን ጮኽን፤ «ነገ» አሉን። ከሰዓት በኋላ፣ በቆጠራው መካከል፣ ግድግዳውን ተደግፎ እንደተቀመጠ አለፈ። ቆጣሪው ሁለት ጊዜ ስሙን ጠራው። ከአጥሩ ውጭ ባለው ሜዳ ላይ ቀበርነው። በዚያ ሜዳ በመጨረሻው ዘጠኝ መቃብር ሆነ። ሁሉንም እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ቦታው ግን ምልክት የለውም።

የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ፣ ቆየት ብሎ ለቀቁን። በአውቶቡስ መቐለ ገባሁ። ባለቤቴ ለተብርሃን በር ላይ ቆማ ነበር። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ጥቁር ለብሳለች። አቀፈችኝና ወዲያው ወደ ኋላ አለች።

«ምንድን ነው ይሄ ሽታ?» አለችኝ በትግርኛ።

«ሲጋራ ነው።»

ውስጥ ገብተን ነው የነገረችኝ፤ ጥቁሩ የታናሽ ወንድሟ የክብሮም ነበር። በትግራይ በኩል ተሰልፎ፣ በደቡብ ግንባር ወድቋል። አስከሬኑ አልመጣም።

ስልክ ሲመለስ የደምሴን ቤት ፈልጌ ደወልኩ። ሚስቱ ጌጤ አነሣች። ድምፄን ዐወቀችው።

«ደምሴ የለም» አለችኝ። «ወደ ሰሜን ካዘዟቸው በኋላ ነው። ሲሄድ ምን አለኝ መሰለህ? ‹ወደ ኪሮስ አገር ነው የምንሄደው› አለኝ። ጫማውን እያሰረ። ከዚያ ሳይሰናበተኝ ብዙ ቆመ።»

የወደቀበትን ግንባር ነገረችኝ። ክብሮም የወደቀበት ነው። አንድ ቀን ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አልጠየቅኩም። ለለተብርሃንም ይህን ለመናገር ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠችና ወደ ጓዳ ገባች።

ኑሮ ነውና በግቢያችን ያለችውን ክፍል አከራየን። ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ ከሌላ ክልል የነበሩት መምህራን አንድ አንዳቸው ይመለሱ ነበር። የመጣልን መላኩ ይባላል፤ የደሴ ሰው፣ ሠላሳ ያልሞላው፣ ሒሳብ የሚያስተምር። እኔ ቁልፉን ሰጠሁት። ለተብርሃን ግን አልወደደችም።

«ተከራይ ጠፍቶ ነው ከእነሱ አንዱን የምናስጠጋው?» አለችኝ።

«መምህር ነው፣ ለተ።»

«ክብሮምም መምህር ሊሆን ነበር።»

ሰላምታውን ትመልሳለች፤ ከዚያ በላይ የለም። መላኩ ጨዋ ነበር። ትግርኛ ይሞክራል፤ «ከመይ ሓዲርክን» ይላታል፣ እንዴት አደሩ ለማለት፣ ጥርት አድርጎ። ሲመጣ አያጨስም ነበር፤ ያን በደንብ ዐውቃለሁ፤ እኔ በግቢው ካለው የውኃ በርሜል ጀርባ ሳጨስ አፍንጫውን ይዞ ያልፍ ነበር። ሁለት ወር እንደቆየ አንድ ማለዳ ከበርሜሉ ጀርባ ስሄድ እሱ ቀድሞኝ ቆሟል። ሲጋራዋን ሊደብቅ ሞከረ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኩት።

«ይቅርታ፣ ጋሽ ኪሮስ።»

«ይቅርታ አልጠየቅኩህም።»

ግድግዳውን እያየ ነገረኝ። «በሚኒባስ ስሄድ ስልክ ተደወለልኝ፣ እናቴ ናት። አማርኛ አወራሁ። ከጎኔ የነበሩ ሴትዮ ተነሥተው ኋላ ሄደው ተቀመጡ። በቃ፤ ይኸው ነው። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ተማሪዎቼም ጥሩ ናቸው። ግን ክፍል ገብቼ አፌን ከመክፈቴ በፊት ደረቴ ይጨነቃል። ገበያ ስሄድ እንደ ዲዳ በጣቴ ነው የምጠቁመው። እናቴ በደወለች ቁጥር አላነሣም፤ ከዚያ ደግሞ አላነሣሁም ብዬ እናደዳለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባ ይችን ሰጠኝ፤ እሱ የነቀምት ሰው ነው። ትንሽ ቀለል ይላል።»

ስለ ትሪዋ ልነግረው ፈልጌ ነበር። አልነገርኩትም። አጠገቡ ቆሜ የራሴን ለኮስኩ። አባት ቢሆን ኖሮ ከእጁ ይነጥቀው ነበር። እኔ ግን በምን አፌ?

የክብሮም ተዝካር ደረሰ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጣለ፤ ዘመድ ጎረቤት መጣ። መላኩ ክፍሉን ዘግቶ ቢውል ይሻለው ነበር፤ ግን ያደገበት ወግ አላስቻለውም። ነጠላውን አጣፍቶ መጣ፤ ከለተብርሃን ፊት ጎንበስ አለና «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። በአማርኛ ነው ያለው። ትግርኛው ጠፍቶበት ይሆናል፤ ሐዘን ሲሆን ሰው ወደ ገዛ አፉ ይመለሳል።

ከድንኳኑ ጥግ ተስፋይ ነበር፤ የክብሮም ጓድ፣ አብረው የተሰለፉ። አንድ እግሩ ከጉልበት በላይ የለም። ክራንቹን ተመርኩዞ ተነሣ። መላኩ እንዲገባው በአማርኛ ነው የተናገረው።

«ማን ገድሎ ማን ያጽናናል?»

መላኩ እንደጎነበሰ ቀረ።

«ተስፋይ ሓወይ፣ ወንድሜ» አልኩት፣ «ይህ ሰው መምህር ነው። መሣሪያ ይዞ አያውቅም። እንግዳዬ ነው።»

«አንተ ዝም በል!» አለኝ። «ሃያ ዓመት ልብሳቸውን ለብሰህ ኖረሃል። አንተ ትግራዋይ መሆንህን ያወቅከው ሲያስሩህ ነው!»

የምመልሰው ነበረኝ። ስለ ራሰ በራ ልነግረው እችል ነበር፤ ስለ ዘጠኙ መቃብር፣ ስለ ቁጢጥታው። የጎደለውን እግሩን አየሁና ተውኩት። እውነት ከፊሉ በእሱም ዘንድ ነበር። መላኩ ቀና አለ፤ እጅ ነሥቶ በዝግታ ወጣ። ለተብርሃን አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ድምፅ ግን አልወጣትም።

በማግስቱ መላኩ ዕቃውን በባጃጅ ጭኖ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ወዳለው የመምህራን መኖሪያ ገባ። ቁልፉን ሲመልስልኝ «ቤቱ ጥሩ ነበር» አለኝ።

ሳሌ እየባሰ ስለሄደ በዚያው ሰሞን ሐኪም ቤት ሄድኩ። ወጣቷ ሐኪም የደረቴን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅላ አየችው። ስንት ዓመት እንዳጨስኩ ጠየቀችኝ። ጥቂት ዓመት ነው አልኳት። «ጥቂት ዓመት እንዲህ አያደርግም፤ ያጨሱት ብዙ ነው ማለት ነው» አለች። ምን አስጀመረዎት ብላ አልጠየቀችኝም፤ ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ክራንች የያዙ ናቸው ብዙዎቹ። «ማቆም አለብዎት» ብላ መድኃኒት ጻፈችልኝ። ሞክሬያለሁ። ሦስት ቀን ቆይቼ፣ በአንድ ቢሮ ወረፋ ላይ አንዱ ጸሐፊ የአገልግሎት ማስረጃዬን አይቶ «እናንተ የዚያኛው ጦር ናችሁ» አለኝ፤ ከበሩ ሳልርቅ ለኮስኩ።

ሳምንት ካለፈ በኋላ ለተብርሃን ምሳ እያቀረበች «እቲ ወዲኸ?» አለችኝ። ያ ልጅስ? ማለቷ ነው። ስሙን ጠርታ አታውቅም ነበር፤ ልጅ ብላውም አታውቅም።

«ግቢ ውስጥ ነው።»

«በአግባቡ ይበላል?»

«እንጃ።»

«ሂድና ተመለስ በለው። ተስፋይን እኔ አነጋግረዋለሁ።» እጇን በመቀነቷ ጠረገች። «በክብሮም ድንኳን ውስጥ እንግዳ ተዋርዶ ወጣ። ክብሮም ቢሆን አይወደውም ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ካምፓሱ ሄድኩ። ጥበቃው ከመምህራን መኖሪያ ጀርባ እንዳለ ነገረኝ። ከሕንፃው ጀርባ አንድ ግንብ አለ፤ ከግንቡ ሥር ጥቂት መምህራን ቆመው ነበር። መላኩን ከሩቅ ለየሁት፤ ከስቷል። የለተብርሃንን መልእክት ነገርኩት። ዐይኑ ሞላ፤ ቶሎ ግን ዋጠው።

«አመሰግናለሁ በሉልኝ። እውነት አመሰግናለሁ» አለኝ። «ግን ይቅር፣ ጋሽ ኪሮስ። እዚህ ሁላችንም ከሌላ ቦታ ነን። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ይሻለኛል።»

«ሲጋራውስ?»

«ጨምሯል» አለኝ።

የወታደር ነገር ሆኖ ሰው ባየሁ ቁጥር እቆጥራለሁ። ከራሰ በራ ያልወረዱት ሃያ ሁለት ናቸው። በቆላው ሜዳ ዘጠኝ ናቸው፤ ግደይ አንደኛው ነው። ደምሴ አለ፤ ክብሮም አለ። ከተፈታን ወዲህ መቐለ ውስጥ፣ በደረት ሕመም፣ ከመጋዘኑ ጓደኞቼ አራት ቀብሬያለሁ፤ በነሱ ቀብር ላይ ጦርነቱን ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ታመው ሞቱ ነው የተባለው። እኔ ግን ከጦሩ ጋር ነው የምቆጥራቸው። ምን እንዳቆሰላቸው አይቻለሁ፤ ጥይት አልነበረም።

ከግንቡ ሥር የቆሙትንም ቆጠርኳቸው። የደሴው፣ የነቀምቱ፣ አንድ የአርባ ምንጭ፣ ሌሎች ሁለት። አምስት ነበሩ። አምስቱም ወጣቶች ናቸው፤ አምስቱም ያጨሳሉ፤ አምስቱም ገና በሕይወት አሉ።